ፍሪሲዮን ሲታመም በምን ይታወቃል?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን የመኪናን ጤንነት አጥብቆ ይመረምራል። ከከፋ ቡና ጭኖ የሚመጣውም፣ ከጅማ ሸቀጥ ጭኖ የሚሄደውም ጎጀብ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት መውጣት ግድ ይሆንበታል። ፍሪሲዮኑ የደከመ መኪና የሚጋለጠው በዚህ ዳገት ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ተሳፋሪ ሞልቶ ዳገት መካከል ኃይል ያጣ መኪና ወደ ኋላ ቢንሸራተት፣ የሚጎዳው የሰው ሕይወት ነው። ከዚህም ሌላ ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ሕመሙ በደንብ ሳይለይ ካምቢዮ ያስወረደ ባለ መኪና ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ያስወርዳል፤ የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ፍሪሲዮን ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰባችን ስንሄድ የምንሳፈረው በዚሁ መኪና መሆኑን ያስታውስ።

ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሰበቃ ማለት ነው። ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ የሚዞር ከባድ የብረት መንኮራኩር አለ፤ መካኒኮች ቮላኖ ይሉታል። በእርሱና በካምቢዮው መካከል ሁለቱም ፊቱ ሸራ የለበሰ ዲስክ ይገኛል። ጠንካራ ሞላ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ሲይዘው የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማው ይተላለፋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ዲስኩ ይለቀቅና ኃይሉ ይቋረጣል። እንግዲህ የፍሪሲዮን ሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም መያዝና መልቀቅ። ዋነኛው ሕመሙም በዚሁ ለሁለት ይከፈላል።

አንደኛው አለመያዝ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። ይህ መጀመሪያ የሚታየው ጭነት ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነው። እየባሰ ሲሄድ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ለማረጋገጥ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከፊቱ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ለጎማው ድንጋይ አስደግፎ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ ነው። ከዚያም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ፍሪሲዮኑ ደኅና ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ መዞሩን ከቀጠለ ግን ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ሸራውን ስለሚያግለው ይህን ሙከራ መደጋገም አይገባም። ምክንያቱ የሸራው ማለቅ፣ የሞላው መድከም፣ ወይም ከሞተሩ የሚያፈስ ዘይት ሸራውን መንካቱ ሊሆን ይችላል። ዘይት ከሆነ፣ የሚያፈሰው ሳይደፈን አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው አለመልቀቅ ነው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እያለ ማርሹ፣ ይልቁንም የኋላ ማርሽ፣ እየተንቋቋ አልገባም ይላል፤ ወይም መኪናው ራሱ ይሳባል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ከገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን ካስቸገረ፣ ካምቢዮውን ከመክሰስ በፊት ፍሪሲዮኑን መጠርጠር ይገባል። እዚህ ላይ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። በዘይት የሚሠራ ከሆነ የዘይቱን መያዣ ማየት፤ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ ከገባ ዘይት ያፈሳል ወይም አየር ገብቶበታል ማለት ነው። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ። መኪናው ሲነሣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሸራው ዘይት ነክቶታል፣ የቮላኖው ፊት ተበላሽቷል፣ ወይም የሞተሩ ማሰሪያ ላልቷል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይመጣል፤ በተቃራኒው ማርሽ ሳይገባ የሚሰማና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው።

ፍሪሲዮን ያለ ዕድሜው የሚያልቀው በአብዛኛው በአነዳድ ምክንያት ነው። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን መኪናን ይዞ መቆም፣ ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ፔዳሉን በግማሽ ለቅቆ ሞተሩን ማስጮኽ፣ ሦስቱም ሸራውን ይበሉታል። ፍሪሲዮንን ረግጦ ቁልቁለት መውረድ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን መግታቱን ትቶ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃልና።

የአገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። ሞተሩ ጮኾ መኪናው አልሄድ ሲል ወይም ሽታው ሲመጣ፣ ሾፌሩ ቦንጋ ወይም ጅማ ላይ ያስመርምር፤ ተሳፋሪውም ዝም ብሎ አይቀመጥ፣ ይጠይቅ። ጎጀብ ከወረዱ በኋላ በየትኛውም በኩል ቢሄዱ የሚጠብቃቸው ዳገት ነው።