ሒሳቡ ያልተጻፈ በረራ

ከየካ ዴፖ በማለዳ የሚወጣ አንበሳ አውቶቡስ ከተሳፋሪው በሚሰበስበው ገንዘብ ብቻ ነዳጁን ሸፍኖ፣ ሾፌሩን ከፍሎ፣ ጎማውን ቀይሮ እንደማይዘልቅ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ጉድለቱን የከተማው አስተዳደር ይሞላል። ገንዘቡ በበጀት ስለሚያዝ የምክር ቤት አባል ሊጠይቅበት፣ ጋዜጠኛ ሊጽፍበት ይችላል። በዚያው ማለዳ ከየካ ወደ እንጦጦ ተራሮች ወጥቶ ቁልቁል ወደ ቦሌ ለተመለከተ ሰው ሌላም ማመላለሻ ይታየዋል። ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ይነሡና ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎዴ፣ ወደ ጂንካ፣ ወደ አሶሳ ይበተናሉ። ከእነዚህ መስመሮች አንዳንዶቹ ያለ ደጋፊ አይቆሙም። ደጋፊው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣና እስከ መቼ እንደሚደግፍ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

አውሮፕላን ከትንሽ ከተማ ጋር የማይስማማው በሒሳብ ነው። ነዳጅ በብዛት የሚቃጠለው ሲነሣና ሽቅብ ሲወጣ ሲሆን፣ ጎማው፣ ፍሬኑና የማረፊያ እግሩ የሚያልቁትም በተነሣና ባረፈ ቁጥር ነው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት በረራ አንድን መንገደኛ አንድ ኪሎ ሜትር ለማድረስ ከሰባት ሰዓት በረራ የበለጠ ያስወጣል። በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመር ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ክንፍም አየሩን በደንብ አይዝም፤ ጭነት መቀነስ ግድ ይሆናል። ላሊበላን የመሳሰሉ ማረፊያዎች የሚሠሩት በቀን ብርሃን ብቻ በመሆኑ አንድ አውሮፕላን በቀን የሚያደርገው ምልልስ የተቆጠረ ነው። ሰባ መቀመጫ ይዞ ሄዶ ግማሹን ባዶ የሚመለስ ከሆነ ኪሳራው ለማስላት አይከብድም።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ብዙ አገሮች በየመንገዳቸው ሊፈቱት ሞክረዋል።

አሜሪካ የአየር መንገዶቿን ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ከተሞች ጥለው እንደሚሄዱ የታወቀ ነበርና ኮንግረሱ በዚያው ሕግ ውስጥ “አስፈላጊ የአየር አገልግሎት” የሚባል የድጎማ ፕሮግራም አስገባ። ለአሥር ዓመት የታሰበው ፕሮግራም ዛሬም አለ። ወደ 170 የሚጠጉ ከተሞችና መንደሮችን ያገለግላል፤ ሲሶ ያህሉ አላስካ ውስጥ ናቸው። ከአላስካ ውጭ ያለ ከተማ ወደ ትልቅ አየር ማረፊያ ከ70 ማይል በታች ከቀረበ በመርሑ ድጎማ አያገኝም፤ በአንድ መንገደኛ የሚወጣው ገንዘብም ለረጅም ዓመታት በ200 ዶላር ተገድቦ ቆይቷል፤ በጣም የራቁት ብቻ ከዚያ በላይ ይፈቀድላቸው ነበር። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ይበልጥ ትኩረት ይስባል። ከፊሉ የሚሰበሰበው አሜሪካ ሳያርፉ ሰማይዋን አቋርጠው ከሚያልፉ አውሮፕላኖች ነው። በተለያዩ ጊዜያት ፕሬዚዳንቶች ፕሮግራሙን ለመቀነስ ወይም ለመሰረዝ በጀት አቅርበዋል፤ ከገጠር የተመረጡ የሁለቱም ፓርቲ እንደራሴዎች ግን አላስነኩትም።

ኖርዌይ ነገሩን ከመንደርደሪያው ጀመረች። ከ1968 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በፊዮርዶቿና በሰሜን ዳርቻዋ 800 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው አጫጭር ማረፊያዎችን ዘረጋች። መስመሮቹን መንግሥት በየጥቂት ዓመቱ ያጫርታል። የበረራው ብዛት፣ የመቀመጫው ቁጥር፣ የቲኬቱ ጣሪያ በውሉ ይሰፍራል፤ ዝቅተኛ ድጎማ የጠየቀው ያሸንፋል። በ2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት በእነዚህ መስመሮች የሚፈቀደውን ከፍተኛ ዋጋ በግማሽ ሲቀንስ ልዩነቱን በድጎማ መሸፈን ነበረበት። ስኮትላንድ በሌላ በኩል መስመር ከመደጎም አልፋ ሰውን ትደጉማለች። የራቁ ደሴቶች ነዋሪ መሆኑን ያስመዘገበ ሰው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረታዊ የቲኬት ዋጋው ይቀነስለታል፤ ቅናሹ መጀመሪያ 40 በመቶ ነበር፤ በኋላ ግማሽ ደርሷል። ከእነዚያ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ባራ አውሮፕላን የሚያርፈው ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ስለሆነ የበረራ ሰዓቱን የሚወስነው የባሕሩ መሙላትና መሸሽ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንድ ነገር ነው። ሕንድ በ2016 እ.ኤ.አ. “ኡዳን” የተባለ ፕሮግራም አውጥታ የአንድ ሰዓት በረራ ዋጋን ለተወሰኑ መቀመጫዎች በ2,500 ሩፒ ወሰነች። ጉድለቱን ለመሙላት በትልልቆቹ ከተሞች መካከል በሚደረጉ በረራዎች ላይ ቀረጥ ጣለች። ድጎማው ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ራሱን ይችላል ተብሎ ታሰበ። የሕንድ ዋና ኦዲተር በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ሌላ ታሪክ ይነግራል። ከተሰጡት 774 መስመሮች ሥራ የጀመሩት 371 ናቸው፤ ሦስቱን ዓመት የጨረሱት 112፤ ከዚያ በኋላም የቀጠሉት 54 ብቻ። አሳዛኝ ቁጥር ነው። ነገር ግን የሕንድ ሕዝብ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ኦዲተሩ ይህን ሊቆጥር የቻለውም እያንዳንዱ መስመር በስሙ ተመዝግቦ ስለነበር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአውሮፕላንና የሩቅ ከተማ ዝምድና ረጅም ዕድሜ አለው። በነሐሴ 1921 ከጅቡቲ የተነሣችው ፖቴዝ አውሮፕላን አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያን ጊዜ የነበሩት ከጦርነት የተረፉት ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ለአገሪቱ ተስማሚ ሆነው ተገኙ። አስፋልት አይጠይቁም፤ ሣሩ ታጭዶ ከብቱ ከተባረረ በሜዳ ላይ ያርፋሉ። መንገድ ባልነበረበት ዘመን ሰውም ቡናም ፖስታም በእነሱ ተጓዘ። በዛሬው አማራ ክልል ብቻ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ሌላ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦር፣ መካነ ሰላም የአየር መንገዱ መዳረሻዎች ነበሩ። ዓባይ በረሃን በመኪና ለመሻገር ቀን ሙሉ በሚፈጅበት በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ለጎጃም ምን ማለት እንደነበረች ለመገመት አያስቸግርም።

በደርግ ዘመን አሥራ ዘጠኝ ያህል ሰው የሚይዙት ትዊን ኦተሮች ተገዙ። በእነሱ ደቡብና ምዕራቡ ተዳረሰ። ዋካ፣ ቡልቂ፣ ቱም፣ ሙዪ፣ ቴፒ በበረራ መርሐ ግብር ላይ ስማቸው ይታይ ነበር። ዛሬ እነዚህ ሁሉ መደበኛ በረራ የላቸውም። ከፊሉን መንገድ ተካው፤ ይህ መልካም ነው። አውሮፕላኖቹም አደጉ፤ በ2002 መምጣት የጀመሩት ኪው 400ዎች ከሰባ በላይ መቀመጫ አላቸው፤ እነሱን ቡልቂ ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ግን እነዚህን ከተሞች ከመርሐ ግብሩ የማውጣት ውሳኔ በማንኛውም ሕዝባዊ መድረክ ሲከራከሩበት አልታየም። አገልግሎቱ እንደ መጣ በጸጥታ ሄደ።

አሁን ያለው አሠራር ምን ይመስላል? አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው፤ ሆኖም በንግድ ሕግ እንደሚሠራና ከመንግሥት በጀት ድጎማ እንደማይወስድ ደጋግሞ ይናገራል። ከ2009 ጀምሮ የአየር ማረፊያዎቹ አስተዳደርም በእሱ ሥር ገብቷል። የአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ ከ20 በላይ ናቸው። ታዲያ ጉድለት ካለ የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ከአጎራባች ወንበር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለአንድ በረራ የተለያየ ዋጋ ይከፍላሉ። ኢትዮጵያዊው በብር ዝቅ ያለውን ይከፍላል፤ በሌላ አየር መንገድ አገር ውስጥ የገባ የውጭ አገር ጎብኚ በእጅጉ ከፍ ያለውን። ሁለተኛው በሰፊው መረብ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከጓንጁ የሚገኘው ዶላር ነዳጅ ይገዛል፣ መለዋወጫ ያስመጣል፣ የአውሮፕላን ዕዳ ይከፍላል፤ ከጂንካ ወይም ከቀብሪ ደሃር የሚሰበሰበው ግን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ይህ ክፍተት በአንድ ጊዜ ሰፋ። ነዳጁና መለዋወጫው በዶላር እንደነበሩ ሲቀጥሉ መምህሩና ነጋዴው የሚያገኙት ብር አቅሙ ወረደ። የቲኬት ዋጋ ሲጨምር የተቆጣ ሁሉ ለመቆጣቱ ምክንያት አለው፤ ዋጋው ስንት መሆን እንደነበረበት ሊነግረው የሚችል የተጻፈ ስሌት ግን በእጁ የለም።

ላሊበላን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የላሊበላ አውሮፕላን ከተማው ላይ አያርፍም። ተራራው ስለማይፈቅድ ማረፊያው ከበታች ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ነው፤ መንገደኛው ከዚያ በሚኒባስ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። የቀድሞው ሜዳ አፈር ስለነበረ ክረምት በገባ ቁጥር ይዘጋ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑን ለዓመታት የሞሉት ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከአክሱም ጋር በአንድ ዙር የሚጎበኙት ቱሪስቶች ናቸው። በእነሱ መሐል ጋቢ የለበሰ ካህን፣ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ በሽተኛ፣ የላስታ ማር በጄሪካን የያዘች እናት ይቀመጣሉ። እነዚህ ሰዎች በአቅማቸው ዋጋ ሊበሩ የቻሉት ጎን ለጎናቸው የተቀመጠው ጎብኚ ብዙ ስለከፈለ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ጦርነት ተከተለ። በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ከተማይቱ በጦርነቱ ውስጥ ገባች፤ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋረጠ። ጎብኚው ሲቀር አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ድጎማም አብሮ ቀረ። በሽተኛው ግን አልቀረም። ጭራሽ መንገዱ በመዘጋቱ ከበፊቱ የበለጠ አውሮፕላን ያስፈለገው ያን ጊዜ ነበር። ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚሸሸው በጎብኚ ላይ የተመሠረተው ድጎማ ነውና፣ የሕዝብ አገልግሎት በእሱ ላይ ብቻ ሊደገፍ አይገባም።

አውሮፕላን ለአንድ ከተማ ምን እንደሆነ የታየበት ሌላ ቀን ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ነው። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ በረራ ያን ቀን ሲጀመር በአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ እናቶችና ልጆች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አገር በቴሌቪዥን አየ። የባንክና የስልክ አገልግሎት መመለስ አስፈላጊ ነበር፤ ሰውን በአካል ማድረስ የቻለው ግን በረራው ነው።

ደቡብ ምሥራቁ ሌላ መልክ አለው። ጎዴ በመኪና ከአዲስ አበባ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚያ ጎብኚ ስለሌለ አውሮፕላን ውስጥ የሚገኘው ድጎማም የለም፤ የሚቀረው ከውጭ በረራ የሚሸጋገረው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ዕርዳታ የአየር አገልግሎት ለዓመታት በሶማሌ ክልል ሲበር ቆይቷል፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ለጋሾች ስለሆኑና የሚያሳፍረውም የዕርዳታ ሠራተኛ ስለሆነ የከተማው ነጋዴ አይጠቀምበትም።

የግል አየር መንገዶች ለምን አልገቡበትም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለረጅም ጊዜ ከ50 መቀመጫ በላይ ባለው አውሮፕላን እንዳይሠሩ ተገድበው ስለነበር አብዛኞቹ በቻርተር ሥራ ላይ ቆዩ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዋጋው ነው። አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ከዓለም አቀፍ በረራ ባገኘው ትርፍ ዝቅ አድርጎ በሚሸጥበት መስመር ላይ፣ ሌላ ገቢ የሌለው ባለ ዘጠኝ መቀመጫ ካራቫን አውሮፕላን ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ሊወዳደር አይችልም። ድጎማው ለመስመሩ ተሰጥቶ በጨረታ ቢወጣ ኖሮ፣ ቴፒን ወይም መካነ ሰላምን በሳምንት ሁለት ጊዜ በትንሽ አውሮፕላን የሚያገለግል ሰው ሊገኝ በቻለ ነበር።

የአየር መንገዱ ሰዎች ለሩቅ ከተሞች የሚያደርጉት ትልቅ ውለታ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ውለታ በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ነዋሪው ሊጠይቀው አይችልም። ለጎዴ ወይም ለላሊበላ የሚጻፍ ውል ቢኖር በሳምንት ስንት በረራ፣ ለነዋሪው ዋጋው እስከ ስንት፣ ለበሽተኛ ስንት መቀመጫ ይያዛል፣ በረራ ሲቋረጥ በስንት ቀን ማስታወቂያ የሚሉት በሁለት ገጽ ይሰፍሩ ነበር። የገንዘቡ ምንጭም ከአሜሪካኖቹ አሠራር ብዙ ላይርቅ ይችላል። ኢትዮጵያም ሳያርፉ ሰማይዋን አቋርጠው ከሚያልፉ የውጭ አውሮፕላኖች ክፍያ ትሰበስባለች። ይህ ገንዘብ በቅድሚያ ለአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ መዋሉ ተገቢ ነው፤ ከሚተርፈው ጥቂቱ በስም ለተጠቀሱ መስመሮች ይመደብ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ለየካ አውቶቡስ እንደሚደረገው ሁሉ በበጀት ወቅት ምክር ቤት ፊት ሊቀርብ ይችላል።