«አሮጌ ሞተር ማንጠባጠቡ ባሕርዩ ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ባለፈው አርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ እስራኤል፣ አፉላ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ሦስት ጎረቤቶቼ አንድ አሮጌ ቬስፓ ከበው አገኘኋቸው። ከሥሩ ሳህን የሚያህል ቦታ ረጥቧል፤ የቤንዚኑ ሽታ ደረጃው ድረስ ይሰነፍጣል። አንዱ የሱፍ ፍሬውን፣ ጋሪኒሙን እየፈለቀቀ (አፉላ ላይ ያለ ጋሪኒም ምን ወግ አለ?) «አሮጌ ሞተርና ጉንፋን የያዘው ልጅ ማንጠባጠባቸው አይቀርም» አለ። ሌላው «ደግሞስ ዕቃው ከየት ይገኛል?» ሲል ጨመረበት። ባለቤቱም ልቡ ረግቶ፣ እርጥቡ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ።

ሁለቱ አባባሎች ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ማንጠባጠቡ ባሕርዩ ከሆነ ዕቃ የሚፈልግ አይኖርም፤ ዕቃው ከሌለ ደግሞ ቀዳዳውን ለመፈለግ የሚንበረከክ የለም።

«ማንጠባጠቡ ባሕርዩ ነው»

ተረት ነው። ከየት እንደመጣ ግን መገመት ይቻላል። እንደ ትሪያምፍ፣ ቢኤስኤና ኖርተን ባሉ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተሮች ላይ የሚገኘው አማል የተባለው ካርቡሬተር በጣት የምትጫን ትንሽ ቁልፍ አለችው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ቤንዚን ጠብ እስኪል ድረስ ትጫናለች፤ ከዚያ በእግር ተመትቶ ይነሳል። ይህን ያየ ሰው «ያንጠባጥባል» ብሎ ቢያወራ አይፈረድበትም። ያ ጠብታ ግን ጣት ሲነሳ ይቆማል። ማንም ሳይነካው ሲያንጠባጥብ የሚያድር ሞተር ግን በሽታ አለበት።

አፉላ ያለችበት ሸለቆ ሙቀትም ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል። ቤንዚን በየ10 ዲግሪው 1 በመቶ ያህል ይለጠጣል። በጠዋት 12 ሊትር ታንክ እስከ አፉ ሞልታችሁ ሐምሌ ፀሐይ ላይ ብታቆሙትና ቤንዚኑ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሩብ ሊትር የሚጠጋ መሄጃ ያጣል። በክዳኑ መተንፈሻ ይወጣል። ይህ የታንክ ቀዳዳ አይደለም፤ መድኃኒቱም ሁለት ጣት ያህል አጉድሎ መሙላት ነው።

«ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው»

ብዙ ጊዜ ተረት ነው፣ ውድ ተረት። የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ ክዳን ፍቱና ውስጡን እዩ። እዚያ ያለው አሠራር ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ውስጥ እንደምናውቀው ጋላጃንቴ ነው፦ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይነሳል፣ አንዲት መርፌ ይገፋል፣ መርፌዋም መግቢያውን ትዘጋለች። መርፌዋን አውጥታችሁ ጫፏን በብርሃን አሽከርክሩት። ሾጣጣው ላይ ጥፍር የሚይዘው ቀለበት ከተቆፈረበት መግቢያውን አትዘጋም። ወይም ከታንኩ የመጣ የዝገት ብናኝ መቀመጫዋ ላይ ተሰንቅሯል። ወይም ተንሳፋፊው ራሱ ተቀዷል፤ ጆሮ አጠገብ ስትነቀንቁት ውስጡ ቤንዚን ሲንቦጫረቅ ይሰማል። መርፌዋ፣ ጋስኬቱና ኦሪንጉ ተሰብስበው በአንድ ትንሽ ከረጢት ይሸጣሉ፤ ከአዲስ ካርቡሬተር ዋጋ ጥቂቱን ነው የሚጠይቁት።

መርፌዋ ሳትዘጋ የታንኩ መክፈቻ ክፍት ካደረ፣ በአንዳንድ ሞተሮች ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ሲሊንደሩን አልፎ ዘይቱን ያቀጥናል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ሞተሩን አታስነሱት።

«ባዶ ታንክ መበየድ ምንም የለበትም»

ከሁሉ የከፋው ተረት ይህ ነው፤ ሰው ይገድላል። ቤንዚን የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። አየር ውስጥ ያለው ትነት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ለፍንዳታ ይመቻል። ታንኩ ሙሉ ሳለ ትነቱ ለመፈንዳት በጣም የወፈረ ነው። ሲገለበጥና አየር ሲገባበት፣ በስፌቱ መገናኛ ውስጥ የቀረው ጠብታ እየተነነ ልክ እዚያ መጠን ላይ ያደርሰዋል። «ቤንዚኑን ከጨረስኩት ወር ሆኖታል» የሚል ሰው ታንኩን አላወቀውም፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱ ውስጥ የተጣበቀውን ሁሉ እንደገና ያወጣዋል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ታንኩን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመው አጥበው፣ ውስጡን በማይነድ ጋዝ ሞልተው ነው የሚነኩት። በጓሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ትነቱ ከአየር ሦስት አራት ጊዜ ይከብዳልና መሬት ለመሬት ይሄዳል። ምድር ቤት ወይም ደረጃ ሥር የቆመ የሚያንጠባጥብ ሞተር ትነት አሥር ሜትር ርቆ ከተለኮሰ ክብሪት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጎረቤቴ ጨርቅ ጣል አድርጎበት የገባው እዚህ ላይ ነው።

«ሳሙና ይደፍነዋል»

ይህኛውስ እውነት ነው! ሳሙና ቤንዚን ውስጥ አይሟሟም፤ ደረቅ ሳሙና ስንጥቅ ላይ ሲታሽበት የሀገር ቤት ሾፌር እንደሚያውቀው ቤት ያደርሳል። ቤት ድረስ ብቻ ግን። ሲሊኮን ማጣበቂያ በተቃራኒው ነው፦ ጠንካራ ይመስላል፣ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፍሎንም ቁርጥራጩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ይደፍናል። ቤንዚን የማይጎዳው ሮንዴላ ሳለ ይህ ሁሉ ለምን?

ፋይበርግላስ ታንክ ያለው ሰው ሌላ ጭንቅ አለበት፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ሙጫ ያለሰልሳል። (ግመል ሱሲታ የተባለውን የእስራኤል መኪና ፋይበርግላስ በላ የሚለው ወሬ ተረት ነው፤ የኢታኖሉ ግን የምር ነው።) አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ። ብዙዎቹ የድሮ የጎማ ቱቦዎች ለዚህ አልተዘጋጁም። ቱቦ ስትገዙ ለቤንዚን መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የዓሣ ገንዳ ቱቦ በጥቂት ወር እንደ ብስኩት ይሰበራል።

«ዕቃው አይገኝም»

አማል ካርቡሬተር ዛሬም እንግሊዝ አገር ይሠራል። የቬስፓ ካርቡሬተር ሠሪው ዴሎርቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ጣሊያን ውስጥ ተቋቁሞ እስካሁን አለ። ሀገር ቤት ባለ ሦስት እግሩን የምንጠራበት ባጃጅ ቬስፓን በፈቃድ ሲሠራ የነበረ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ስለዚህ የቬስፓ መለዋወጫ ከህንድም ይመጣል። ጥራቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ለቤንዚን መዝጊያ ሲሆን እኔ ርካሹን አልገዛም።

ሰው «የለም» የሚለው በአብዛኛው የሚፈልገውን ስላላወቀ ነው። የእንግሊዝ ታንክ መክፈቻ «ሩብ ኢንች» ይባላል፤ ማስመሪያ ሲቀመጥበት ግን 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቧንቧ ልኬት ስለሆነ ነው፤ በአንድ ኢንች 19 ጥርስ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው ተቀራራቢ ሚሊ ሜትር ጥርስ ገዝቶ፣ ሁለት ዙር ሲገባለት ደስ ብሎት፣ በመፍቻ ጨክኖ ያጠብቀዋል። የታንኩ ጥርስ ይበላል። ያኔ የአሥር ሰቅል ሥራ የብየዳ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ «እንዲህ ያለ» ይላል። ኢንተርኔት ላይም የሚሠራው ይኸው ነው፦ ካርቡሬተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጻፉ፣ ጥርሱን ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ አሮጌውን አትጣሉ። አገልግሎት የሰጠ ዕቃ እዚሁ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ስርቆትን ለመከላከል ባወጣችው ሕግ የአሮጌ መለዋወጫ ንግድ የሚመዘገብ ነው።

ከየት እንደሚያንጠባጥብ ካላወቃችሁ ዛሬ ማታ ሞተሩን ውጭ፣ ከሰውና ከእሳት ርቆ አቁሙት። መክፈቻውን ዝጉና ከሥሩ ጋዜጣ ዘርጉ። ጠዋት ጋዜጣው ላይ ምልክት ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከታንኩ ወይም ከራሱ ከመክፈቻው ነው። ከሌለ ቱቦውንና ካርቡሬተሩን ፈልጉ።