«ዊዝ»፦ የጠብና የአብሮነት መስተዋድድ

በእንግሊዝኛ እጅግ ከሚዘወተሩት መስተዋድዶች አንዱ «ዊዝ» ነው። በአማርኛ ዘወትር «ከ... ጋር» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም የቃሉን አመጣጥና የአገባቡን ስፋት ስለማያሳይ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን እንመረምራለን።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ የ«ዊዝ» ዋነኛ ትርጉም አብሮነት ሳይሆን ተቃርኖ ነበር። በጀርመንኛ «በተቃራኒ» ማለት የሆነው «ቪደር» የቅርብ ዘመዱ ነው። አብሮነትን ይገልጽ የነበረው «ሚድ» የተባለ ሌላ ቃል ሲሆን፣ እርሱም ከጀርመንኛው «ሚት» ጋር ይዛመዳል። ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን «ዊዝ» የ«ሚድ»ን ስፍራ እየወሰደ ሄደ። ዛሬ «ሚድ» በዚህ ፍቺው የሚታወቀው አዋላጅ ማለት በሆነው «ሚድዋይፍ» ውስጥ ነው፤ ይኸውም በጥሬው «አብራ ያለች ሴት» እንደ ማለት ነው።

የጥንቱ ተቃርኖም ፈጽሞ አልጠፋም። «ዊዝስታንድ» ጥሬ ፍቺው «በአንጻር መቆም» ነው፤ የእኛም «መቋቋም» የተገኘው «ቆመ» ከሚለው ግሥ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአገባብ ረገድ «ዊዝ» ሁልጊዜ «ጋር» አይሆንም። መሣሪያን ሲያመለክት «በቢላዋ ቆረጠ»፣ ሁኔታን ሲገልጽ «በጥንቃቄ ሠራ»፣ መለያን ሲጠቁም «ባለጺሙ ሰው» እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ስለ ጦርነት ሲነገር ነው። ስለ 1928-1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሰነድ፣ አንድ ሰው «ዊዝ» ጣልያኖች ተዋጋ ቢባል፣ ወጋቸው ወይም ከጎናቸው ተሰልፎ ወጋ ማለት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ከጣልያን ጋር ተዋጋ» ስንል፣ ግሡ ራሱ ሁለት ወገኖች መጋጠማቸውን ስለሚያመለክት፣ አድማጭ በቅድሚያ የሚረዳው ጠላትነትን ነው። አብሮነትን ለመግለጽ «ከጣልያን ጋር ሆኖ» ወይም «ለጣልያን አድሮ» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ሳያስበው ባንዳውን አርበኛ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ ታሪካችንን ከባዕድ ቋንቋ ሰነዶች የምንቀዳ ሁሉ፣ «ዊዝ» ባጋጠመን ቁጥር ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፈ ከሰነዱ ጠቅላላ ይዘት ማረጋገጥ ይገባናል። በአንዲት መስተዋድድ የሙታን ስም ሊከበር ወይም ሊጎድፍ ይችላልና።