ላሟ ስትነጥፍ በግቷ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ

ብዙ አርቢዎች ላሟ እስክትወልድ ድረስ ማለብን እንደ ትርፍ ይቆጥሩታል። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው የታለበች ላም በሚቀጥለው ወሊድ የምትሰጠው ወተት እንደሚያንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ምክንያቱ የመኖ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በግቷ ውስጥ መከናወን የነበረበት ጽዳትና እድሳት ስለሚስተጓጎል ጭምር ነው።

ወተት የሚሠሩት ሕዋሶች ያረጃሉ። ማለብ ሲቆም ወተቱ ይጠራቀምና ግቱን ይወጥረዋል። በአይጥ ላይ እንደተጠናው፣ ውጥረቱ ሲሰነብት በሕዋሶቹ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ፤ ከነዚህም ዋነኛው ስታት 3 የተባለው ነው። በነርሱ ትእዛዝ ሕዋሱ ራሱን ያጠፋል።

የሚሞተው ሕዋስ ፈንድቶ በውስጡ ያለውን ቢያፈስ አካባቢው ይቆጣ ነበር። ስለዚህ ከመፍረሱ በፊት፣ ዘወትር በሽፋኑ የውስጥ ገጽ የሚገኘውን አንድ የቅባት ዓይነት ወደ ውጭ ይገለብጣል። ትናንት አብረውት ወተት ይሠሩ የነበሩት ጎረቤቶቹ በዚህ ምልክት ለይተው ይውጡታል፤ ኋላም ነጭ የደም ሕዋሶች የቀረውን ያነሣሉ። ምልክቱን ከዋጩ ጋር ከሚያገናኙት አንዱ በወተት ቅባት ጠብታ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ፕሮቲን የጎደላቸው አይጦች ግታቸው በወጉ ሳይጸዳ ቀርቶ ተቆጥቷል፤ በተከታዩም እርግዝና በደንብ አላደገም።

የሕዋስ ሞት በጂን የሚመራ መሆኑ በግልጽ የታወቀው ከከብት ሳይሆን አንድ ሚሊ ሜትር ከምታህል ትል ነው። ትሏ ስታድግ ከሚፈጠሩት 1,090 ሕዋሶች 131ዱ በተወሰነላቸው ጊዜ ይሞታሉ፤ ገዳዮቹም፣ ጠባቂውም፣ የሞተውን የሚያስውጡትም ጂኖች ተለይተዋል። ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሰልስተን በዚህች ትል ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ላም ከአይጥ ትለያለች። አይጥ አብዛኛውን ወተት ሠሪ ሕዋስ ታጣለች፤ ላም ግን ስትነጥፍ ብዙውን ጊዜ እርጉዝ ስለሆነች፣ ያረጀው እየሞተ በአዲስ ይተካል። 60 ቀን ዕረፍት የሚሰጣትም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ላሟ ልትወልድ 2 ወር ያህል ሲቀራት ፉርሽካና ፋጉሎ ቀንሶ ማለቡን ማቆም ይገባል። ግቱ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይወጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሳዝናው ጥቂት ያልብላታል። ያቺ ጥቂት ማለብ የተጀመረውን ሥራ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ግቱ ከቀላና ከጋለ፣ ሲነኳትም ካመማት ግን ነገሩ ውጥረት ብቻ ስላልሆነ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።