ክረምቱን የተኛች ቮልስዋገን እንዴት ትነሣለች?

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእህል ሸማች ብቻ የተነገረ አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ በሸራ ሸፍኖ በግቢው ጥግ ያቆማትን አሮጌ መኪና፣ መስከረም ሲጠባ ቁልፍ ይዞ ሊቀሰቅሳት ለሚሮጥ ሰውም ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ይህን ትርኢት ብዙ ጊዜ የምናየው በቮልስዋገን ላይ ነው። ባለመኪናው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞር ሞተሪኖው ያቃስታል፤ ሁለተኛ ሲያዞር ጭራሹን ዝም ይላል። የሰፈር ልጆች ተጠርተው ቁልቁል ይገፏታል። በዚያም ካልተነሣች «አበቃላት» ይባልና ከአባት የተወረሰችው መኪና ለቆራሌው በኪሎ የምትሸጥበት ወሬ ይጀመራል።

እኛ ግን ከፍርዱ በፊት ምርመራው ይቅደም እንላለን። ቮልስዋገን እንዲህ በቀላሉ የምትሞት መኪና አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 በብዛት በመሠራት የፎርድን ሞዴል ቲ በልጣ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዛሬ ግን በየትም አትሠራም። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በችኮላ የጠፋችን አንዲት ቮልስ መተካት ቀላል አይሆንም።

ለመሆኑ ክረምቱ ምን ያደርጋታል? ባትሪዋ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ቤንዚኗ ያረጃል፤ በካርቡራቶሩ ውስጥ የነበረውም ተንኖ ያልቃል። የሞተሩ ዘይት ወደ ታች ወርዶ የላይኛው ብረት ደረቅ ሆኖ ይቆያል። እርጥበቱም ፍሬኑን ያዝገዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ቁልፍ ማዞር፣ ታሞ የተኛን ሰው ከአልጋ አንሥቶ ሩጥ እንደ ማለት ይቆጠራል። ቁልፉ የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ መሆን አለበት።

መጀመሪያ የኋላው ኮፈን ተከፍቶ ይታይ። የዚህች መኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ደረቅ ቦታ ፈልጋ የገባች አይጥ በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ከሆነ፣ ሞተሩ ቢነሣም አየር አጥቶ ይቃጠላል።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ጎማ በጣት ይዳሰስ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ያለ ማመንታት ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያ የሚንጠባጠብ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ቢያርፍ ግን መኪናዋ በደቂቃዎች ውስጥ ትነዳለች። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ከሚበዛበት ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ፣ እሱ ራሱ ከተያያዘ ውኃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል። የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ሳይኖር ሥራው አይጀመር። አንዳንዶች ሞተሩ እንዲነሣ በካርቡራቶሩ አፍ ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ቁልፍ ያስዞራሉ፤ ነበልባሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊትን ሊለበልብ ስለሚችል ይህ ልማድ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ከመሙላቱ በፊት ቮልቱ ይታወቅ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ከጎረቤት መኪና 12 ቮልት ቢያገኙ አምፖላቸው ይቃጠላል። ባትሪው ተሞልቶ ሲመለስም መሸፈኛው በቦታው ይሁን። ካልሆነ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ተነካክቶ እሳት ይፈጥራል።

ከዚህ በኋላ ያረጀው ቤንዚንና ዘይት ይውጣ። ዘይቱ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ለመቆጠብ ምክንያት የለም። አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የዘይት ጠብታ ይግባ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የዲናሞው ብሎን በ21 ቁጥር መፍቻ በእጅ ይዞር። ሞተሩ እሺ ብሎ ከዞረ ግማሹ ጭንቀት አለፈ፤ እንቢ ካለ ግን ጉልበት ሳይሆን መካኒክ ይጠራ። ካንዴላዎቹ እንደ ወጡ፣ የእሳቱም ሽቦ ከኮይሉ ተነቅሎ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሞተሪኖው በአጭር በአጭሩ ይዙር። ያን ጊዜ ዘይቱ በየቦታው ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ካንዴላውም ሽቦውም ይመለስና የቁልፉ ተራ ይድረስ። ቤንዚን መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጦ መልቀቅ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው ካንዴላውን በቤንዚን አርሶ ይቀራል። ቁልፉን ከ10 ሴኮንድ በላይ ይዞ አለማስጮህ፣ በመካከሉም ማሳረፍ ያስፈልጋል። የደረቀው ካርቡራቶር እስኪሞላ ጥቂት ሙከራ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ይህም ሁሉ በደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የማርሚታው ጭስ ያለ ድምፅ ሰው ይገድላል።

ሞተሩ ሲነሣ ግቢው በጭስና በእልልታ ይሞላል፤ ልጆቹም ዘለው ለመግባት ይሽቀዳደማሉ። ትልቁ አደጋ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። የማትነሣ መኪና ማንንም አትገድልም፤ ተነሥታ የማትቆም ግን ከነልጆቹ ይዛ ትሄዳለች። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ውስጡ ያለውም ብረት ይዝጋል፤ ሸራውም ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ከበር ከመውጣት በፊት በሜዳው ግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት እየነዱ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ መፈተን ይገባል። ፔዳሉ ከሰጠመ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ የዚያን ዕለት ጉዞ ይቅር። የእንጦጦ ቁልቁለት የፍሬን መፈተኛ ቦታ አይደለም።

ለሚመጣው ክረምት ደግሞ ከወዲሁ ይታሰብበት። ባትሪውን ፈትቶ በቤት ውስጥ ማኖር፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ጎማዎቹን በድንጋይ መደገፍ፣ ዘይቱንም ከማቆም በፊት መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግማሽ ቀን የነፈጋት ሰው በመስከረም ሳምንቱን ያጣል። አባቶቻችን ይህችን መኪና ለብዙ ዓመታት ያኖሯት በትዕግሥትና በእንክብካቤ ነው፤ እኛ ወራሾቹም ከመኪናው ጋር ትዕግሥቱን እንውረስ። ለባለ ቮልሶች ሁሉ መልካም የመስከረም ጉዞ እንመኛለን።