የዕለት ገንዘብ ከባንክ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ፣ በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የሚኖር ሰው ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ወደ ገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያዛውር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ መግለጽ ነው። ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በቡሬ ገበያ በርበሬ የምትነግድ አክስቴ ያጋጠማት ችግር ነው።

በገንዘብ መረዳዳት ለባላገሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕቁብና ዕድር አሉት። ነገር ግን ዕቁብ ተራው ሲያበቃ ይበተናል፤ ዕድርም ለሐዘን ጊዜ ነው እንጂ ለማዳበሪያ መግዣ የታሰበ አይደለም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን ቋሚ ነው። በጀርመን አገር ፍሬድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን በ1864 (እ.ኤ.አ.) በሔደስዶርፍ ለገበሬዎች የብድር ማኅበር አቋቋመ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1964 (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ በ1991 ዓ.ም. (ቁጥር 147) ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባል የሚሆን ሰው መመዝገቢያ ይከፍላል፤ ዕጣ ይገዛል፤ በየወሩም መደበኛ ቁጠባ ያስገባል። ከዚህ በላይ ቢተርፈው በፍላጎት ቁጠባ ያስቀምጣል። ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ብቻ ነው። ብድር ሲጠይቅ ባንክ ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ይፈልጋል፤ ማኅበሩ ግን የቆጠበውን አይቶ፣ የሚያውቁትን ጎረቤቶች ዋስ አድርጎ ይሰጠዋል። ትርፍም ቢገኝ፣ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ፣ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ለባላገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

አክስቴ ይህን ሰምታ በባንክ የነበራትን ገንዘብ ሁሉ አውጥታ ወደ አንድ ማኅበር አስገባች። በሐምሌ ወር ልጇ ታመመና ለሕክምና ገንዘብ ፈለገች። ሒሳብ ያዡ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ገንዘብዎ አልጠፋም፤ በየማሳው ተዘርቷል» አላት። በመጨረሻ ዕቁብ የደረሳት ጎረቤቷ አበደረቻት፤ ልጁም ዳነ።

ሒሳብ ያዡ የተናገረው እውነት ነበር። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ መደበኛ ቁጠባ ለብድር መሠረት ስለ ሆነ፣ አባሉ ማኅበሩን ካልለቀቀ በቀር እንደ ባንክ ሒሳብ በፈለጉት ቀን አይወጣም። ሁለተኛ፣ የማኅበሩ አባላት ሁሉ የሚኖሩት በአንድ ዝናብ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሁሉም ለበቆሎ ዘርና ለማዳበሪያ ይበደራሉ፤ የሚመልሱትም አዝመራው ተሰብስቦ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ በክረምት ካዝናው ይራቆታል። ባንክ ግን የአዲስ አበባውን ነጋዴ ገንዘብ ለቡሬው ሰው ሊከፍል ይችላል።

ሌላም ልዩነት አለ። በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚመለከተው ባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚያ ውስጥ አይገቡም። የማኅበሩ አለኝታ የአባላቱ መተማመን፣ ኦዲትና መጠባበቂያው ነው። ደግሞም ማኅበሩ ራሱ የተረፈውን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በባንክ ስለ ሆነ፣ ከባንክ ፈጽሞ መራቅ አይቻልም።

ባንክም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ገንዘቡ ሁሉ በስልክ ላይ የነበረ ሰው ተቸግሯል። በደብተር የሚሠራ የቅርብ ማኅበር በእንዲህ ያለ ቀን የራሱ ጥቅም አለው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጥያቄው «ባንክ ወይስ ማኅበር» ሳይሆን «የትኛው ገንዘብ የት ይቀመጥ» የሚል መሆኑን ነው። ለድንገተኛ ሕመምና ለዕለት ወጪ የሚሆነው በባንክ፣ ለከርሞ በሬና ማዳበሪያ የሚሆነው በማኅበር ቢቀመጥ ይበጃል። ሊገባ የሚያስብ ሰውም አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የትኛው ቁጠባ በስንት ቀን ይወጣል? ኦዲት መቼ ተደረገ? በሐምሌ ካዝናው ውስጥ ምን ያህል ይቀራል? አክስቴ ዛሬም የማኅበሩ አባል ናት፤ ነገር ግን የባንክ ደብተሯን እንደገና አውጥታለች።