መብራቱ በሚለዋወጥባት ቤይሩት የአናሎግ ሰርኪዩት ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

በሊባኖስ ዋና ከተማ ቤይሩትና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች የሚኖር ሰው አንድ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ በገዛ እጁ ገጣጥሞ ሲያበቃ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ከሰርኪዩቱ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣ ነው። ጠዋት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ማጉያ ከቀትር በኋላ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ማታ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። ጀማሪው ግን ጉድለቱን በራሱ ሥራ ላይ ያላክካል፤ ብየዳውን ይነቅላል፣ ትራንዚስተሩን ይለውጣል፣ እንደገና ይበይዳል። ጤነኛውን ሰርኪዩት በእርግጥ የሚያበላሸው ይህ ፍለጋ ነው።

የሊባኖስ የኤሌክትሪክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ ቀኑን ሙሉ መብራት ማዳረስ ተስኖት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ችግሩን አባባሰው፤ ጥቅምት 9 ቀን 2021 ዴር አማርና ዛህራኒ የተባሉት ሁለቱ ዋና ዋና ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው በመቆማቸው መላ አገሪቱ በጨለማ ተውጣ ነበር። ነዋሪው ክፍተቱን የሚሞላው በየሰፈሩ ካሉ የጄኔሬተር ባለቤቶች በወርኃዊ ክፍያ በሚያገኘው መስመር ነው። «ኢሽቲራክ» ይባላል፤ ለአንድ ቤት በተለምዶ 5 ወይም 10 አምፔር ይመደባል። ከቀውሱ ወዲህ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች፣ ባትሪዎችና ኢንቨርተሮችም በየጣሪያው በዝተዋል። እናም አንዱ ሶኬት በአንድ ቀን ውስጥ የሦስት ጌቶች አገልጋይ ይሆናል፤ ሦስቱም 220 ቮልት ይሰጣሉ ቢባልም የሚሰጡት ኃይል አንድ ዓይነት አይደለም።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በብዙ መጻሕፍት የሚገኘው የተለመደ ንድፍ 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮዶች፣ አንድ ካፓሲተርና 7812 የተባለውን የቮልት መቆጣጠሪያ የያዘ ነው። የ12 ቮልት ተለዋዋጭ ሞገድ ጫፉ ወደ 17 ቮልት ይደርሳል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ቮልት ያህል ሲወስዱ 15.6 ይቀራል። መቆጣጠሪያው በትክክል እንዲሠራ መግቢያው ላይ ቢያንስ 14 ቮልት ይፈልጋል። ሰርኪዩቱ 0.5 አምፔር የሚወስድ፣ ካፓሲተሩም 2200 ማይክሮፋራድ ከሆነ፣ በሁለት የሞገድ ጫፎች መካከል ቮልቱ በ2.3 ያህል ይወርዳል። 15.6 ሲቀነስ 2.3፣ 13.3 ነው። መብራቱ ሙሉ 220 ቮልት ሆኖ እንኳ ንድፉ አፋፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ጄኔሬተሩ ጭነት በዝቶበት ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ ደግሞ የሞገዱ ጫፍ ራሱ ከ13.3 አያልፍም፤ መቆጣጠሪያው መቆጣጠሩን ይተውና ጉምጉምታውን እንዳለ ወደ ማጉያው ያሳልፋል።

ስለዚህ በቤይሩት የሚሠራ ሰው መጽሐፉ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ቢለውም 15 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚችለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ካፓሲተሩ 4700 ማይክሮፋራድ ሲሆን በ190 ቮልት ጊዜም መቆጣጠሪያው 15.8 ቮልት ያህል ያገኛል፤ ይበቃዋል። ዋጋው ሙቀት ነው። መብራቱ ሙሉ በሆነበት ሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ከ3.5 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚጠራቀም ያለ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ሊተው አይገባም። ካፓሲተሩም 35 ቮልት የሚችል ይሁን፤ 25 ቮልት የተጻፈበት የጄኔሬተሩ ቮልት ከፍ ባለ ቀን ለአደጋ ይጋለጣል።

ኢንቨርተሩ ሌላ ጠባይ አለው። ርካሹ ዓይነት የሚያወጣው ሞገድ ክብ ሳይሆን ደረጃ ያለው ስለሆነ ጫፉ ከመደበኛው ሞገድ ያነሰ ነው፤ ትራንስፎርመሩም ራሱ ይጮኻል። ርካሽ የቮልት መለኪያ ደግሞ ለክብ ሞገድ ብቻ የተስተካከለ በመሆኑ በዚህ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር ሐሰት ነው። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ በፊት ያለውን ከመለካት ይልቅ ከካፓሲተሩ በኋላ ያለውን ቀጥተኛ ቮልት መለካት ይበልጥ ያስተማምናል። ተለዋዋጭን ኃይል ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም ወደ ተለዋዋጭ የመመለስ ጥበብ ለሊባኖሳውያን እንግዳ አይደለም፤ በናባቲዬ የተወለደው መሐንዲስ ሐሰን ካሚል አል-ሰባህ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሲሠራ ትኩረቱ በዚሁ ላይ ነበር። ዛሬ የአገሩ ሰዎች ይህንኑ ጥበብ በየሰገነታቸው መትከላቸው የታሪክ ምፀት ይመስላል።

ታዲያ ጥፋቱ የሶኬቱ ይሁን የሰርኪዩቱ እንዴት ይለያል? ከሁሉ የሚልቀው ዳኛ ባትሪ ነው። ለምሳሌ 386 የተባለው አነስተኛ የማጉያ ቺፕ ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር በቀጥታ ይሠራል። በባትሪ ድምፁ ጥርት ካለ ሰርኪዩቱ ነፃ ነው፤ ብየዳውን መንካት አያስፈልግም። በባትሪም የሚያጉረመርም ከሆነ የማጉያውን መግቢያ በአጭር ሽቦ ከሰርኪዩቱ የጋራ ነጥብ ጋር ማገናኘት ነው። ጉምጉምታው ከቆመ ከመግቢያው ገመድ የመጣ ነበር፤ ሽፋን ያለው ገመድ መጠቀም ወይም ገመዱን ከትራንስፎርመር ማራቅ ይበቃል።

ጆሮም መሣሪያ ነው። አራቱ ዳዮዶች ደህና ሲሆኑ ከኃይል ምንጩ የሚመጣው ጉምጉምታ 100 ሄርዝ ነው። ከዳዮዶቹ አንዱ ከተቋረጠ ወደ 50 ሄርዝ ይወርዳል፤ ወፈር ያለ፣ በሙዚቃ ቋንቋ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሆናል። ከትራንስፎርመር ወደ ገመድ የሚዘልለው ድምፅም 50 ሄርዝ ስለሆነ ዳዮድ ከመቀየር በፊት ትራንስፎርመሩን አዙሮ ወይም አርቆ ማዳመጥ ይገባል። በጄኔሬተር ሰዓት ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነም የሞተሩ ፍጥነት መለዋወጥ ነውና ሰርኪዩቱን መውቀስ ከንቱ ነው።

ዕቃን በተመለከተ፣ በሲን ኤል ፊል አቅራቢያ በቤይሩት ወንዝ ዳር በሚቆመው የእሑድ ገበያ አሮጌ ሬዲዮና ቴፕ ይገኛል። አርመን ስደተኞች በመሠረቷት በቡርጅ ሐሙድና በአጎራባቿ ዶራ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በዕረፍት ቀናቸው የሚገናኙባቸው ሱቆች ባሉበት ሰፈር፣ የጥገና ቤቶችም አይጠፉም። ከአሮጌ መሣሪያ ትራንስፎርመርና ማቀዝቀዣ ማውጣት ብልህነት ነው፤ ከዚያው የወጣ ካፓሲተር ግን ውስጡ የደረቀ ሊሆን ስለሚችል ራሱ ያበጠ ባይሆንም በአዲስ መተካት ይሻላል። 105 ዲግሪ የተጻፈበትን መምረጥም ለሞቃት ሳጥን ይጠቅማል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሕይወትን የሚመለከት ስለሆነ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። በአሮጌ ሕንፃዎች የመሬት ሽቦ የሌላቸው ሶኬቶች ያጋጥማሉ። በእንዲህ ያለ ቤት የብረት ሳጥን ከመጠቀም የፕላስቲኩ ይመረጣል፤ የመሬት ሽቦ ለማግኘት ሲባል ሽቦን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ደግሞ ጎረቤትን ጭምር ለአደጋ ይዳርጋል። መሰኪያው በሁለቱም አቅጣጫ የሚገባ ከሆነና የኃይሉም ምንጭ በየሰዓቱ የሚቀያየር በመሆኑ የቱ ሽቦ ኃይል እንደያዘ መገመት አይገባም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሁለቱንም ሽቦዎች በአንድነት የሚቆርጥ ይሁን። ከትራንስፎርመሩ በፊት ፊውዝ ሊኖር ይገባል፤ ለ20 ዋት ገደማ ትራንስፎርመር 200 ሚሊአምፔር፣ ዘግይቶ የሚቆርጠው ዓይነት ይበቃል።

መብራት ጠፍቶ ሳለ ሰርኪዩት ከፍቶ መሥራት በቤይሩት የተለመደ ፈተና ነው፤ መብራቱ ግን ሳይነግር ይመለሳል። መሰኪያውን ነቅሎ በዓይን በሚታይ ቦታ ማስቀመጥ፣ ካፓሲተሩንም በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አማካይነት ግማሽ ደቂቃ ያህል ማራገፍ ይገባል። አዲስ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ 60 ዋት ያለውን የቀድሞውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል ኃይል በያዘው መስመር መካከል ማስገባት ይበጃል፤ ስህተት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ሰርኪዩቱ ግን አይቃጠልም።

ይህን ጠንቅቆ የሠራ ሰው መሣሪያውን ወደ አገሩ ይዞ ቢመለስ ንድፉን መለወጥ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያም መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው፤ ለ190 ቮልት ታስቦ የተሠራው የኃይል ምንጭ ምሽት ላይ መብራት በሚዳከምባቸው ሰፈሮችም ያገለግላል።